አሸዋ ስረጭ የመጣው መልእክት

ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መናገር ብችልበት ኖሮማ ጉዳዩም ባልተፈጠረ።

ይበልጣል እባላለሁ። የምኖረው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ሥራዬ አሸዋ መርጨት ነው። የዛገ የመኪና በር፣ ቀለሙ የተላላጠ ኮፈን፣ የተበሳሳ የጋቢና ጣሪያ ያመጡልኛል። እኔ ከጓንግ ወንዝ ያስመጣሁትን አሸዋ አድርቄና ነፍቼ፣ በኮምፕረሰር አየር ብረቱ ላይ እረጨዋለሁ። ዝገቱም፣ ስቱኮውም፣ አሮጌው ቀለምም ይረግፋል። ብረቱን ራቁቱን አስረክባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቀለም ቀቢው ጣጣ ነው።

ስሠራ ከሸራ የሰፋሁትን ቆብ እስከ ደረቴ አጠልቃለሁ። ፊቱ ላይ የሞተር ሳይክል ሄልሜት መስታወት ገጥሜበታለሁ። የመተማን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ውስጡ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ጆሮዬ ሥር መድፍ ቢተኮስም አልሰማም። አሸዋው ደግሞ ከብረቱ ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ፣ ሰው ሲጠጋኝ ዓይኑ እንዳይጠፋ እጄን ወደ ውጭ አወናጭፋለሁ። «ራቅ በል፤ ዕቃህን አስቀምጥና ሂድ» ማለቴ ነው። ደንበኞቼ ለምደውታል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ እጄ አሸዋውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ወሬውንም ነበር የማርቀው። ከጠዋት እስከ ማታ ቃል ሳልተነፍስ የምውልባቸው ቀናት ነበሩ። ተመችቶኝ ነበር ብል ትስቁብኝ ይሆናል።

ወደዚህ ቆላ የመጣሁት ከታላቅ ወንድሜ ከአንዷለም ጋር ነው። ከጎጃም ተነስተን፣ ሸሕዲ ላይ ከአውቶቡስ ወርደን፣ ሰሊጥ ልናርም። እንደኛ ለሥራ የወረደውን ሁሉ እዚህ ሳሉግ ይሉታል። ሁለት ክረምት በአንድ ላስቲክ ሥር አደርን። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ራሴን ስቼ፣ አንዷለም ከእርሻው እስከ መንገዱ ድረስ ተሸክሞኝ እንደሄደ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። እሱ ራሱ አንስቶት አያውቅም። ኋላ እሱ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ቆይቶም ሾፌር። እኔ ደግሞ ከገዳሪፍ የመጣ ሱዳናዊ ባለሙያ ዘንድ ገባሁ። ኡስታ ኢድሪስ እንለው ነበር፤ ኡስታ በእነሱ ቋንቋ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው።

ኡስታ ኢድሪስ ካስተማረኝ ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋል። አሸዋ የተረጨ በር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ግራጫ። አሥር በር ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ሲውል የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ በበሩ የውስጥ ገጽ፣ ከማጠፊያው በታች፣ መዳፍ የምታህል ቦታ አሸዋ ሳትነካት ትቀራለች። የድሮው ቀለም እዚያች ላይ ብቻ ይኖራል። ባለቤቱ ሲመጣ እሷን አይቶ ዕቃውን ያውቃል። ቦታዋን የምንሸፍናት ከአሮጌ ጎማ በቆረጥነው ላስቲክ ነው፤ እያንዳንዱም ባለሙያ የራሱ አቆራረጥ አለው። የኡስታ ኢድሪስ ክብ ነበረች። የእኔ አራት ማዕዘን ሆና አንዱ ጥግ የተገመጠ ነው፤ ቢላዬ ስላልቆረጠልኝ እንጂ አስቤበት አይደለም።

ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የአንዷለም መኪና የግራ በር ነበር። ሰማያዊ ነበር፤ ቀይ ሊያስቀባው ፈለገ። አሸዋ ረጭቼ፣ ምልክቴን ትቼ፣ የውኃ መያዣውን የሚያንጠለጥልበት ብረት እንዲታሰርለት ሦስት ቀዳዳ በሳሁለት። ሦስተኛው ላይ መሰርሰሪያው አመለጠኝና ቀዳዳው ከመስመር ወጣ።

«ይኼማ የሰካራም ሥራ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

«ውኃው አይፈስም፤ ምን አጨነቀህ?» አልኩት።

እንዲህ ነበርን።

ከዚያ እናታችን ሞተች። አንዷለም ሱዳን ውስጥ ጭነት ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰው ላክሁበት። አገር ቤት ሄጄ ብቻዬን ቀበርኩ፤ ብቻዬን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፤ አርባዋንም ብቻዬን አወጣሁ። እሱ የመጣው ወደ መተማ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የግቢዬ በር ላይ ቆሞ ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ መኪናው ተይዞ ነበር ምናምን። አላስጨረስኩትም።

«እናቴን ብቻዬን ቀብሬያለሁ» አልኩት። «ወንድም የለኝም። ካሁን በኋላ ሳልጠራህ እዚህ ግቢ እንዳትደርስ።»

ትንሽ ቆሞ አየኝ። «እሺ» ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ ቆቤን አጥልቄ ኮምፕረሰሬን አስነሳሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሳ። ሰው መተማን ከሱዳኗ ገላባት በሚያገናኘው በዚያ የድንበር ድልድይ በኩል ሻንጣውንም፣ ልጁንም፣ ፍራሹንም ተሸክሞ መጉረፍ ጀመረ። ኡስታ ኢድሪስም ቤተሰቡን ፍለጋ ሄዶ በዚያው ቀረ። የአንዷለም ስልክ አልሠራ አለ። ሄጄ «እንዲህ ያለ ሾፌር አይታችኋል?» ብዬ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ኩራት በሉት፣ ድድብና በሉት። አሸዋ ላመጣ ነው እያልኩ በድልድዩ አጠገብ አልፍና የሚሻገሩትን ሰዎች ፊት ብቻ አይ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኅዳር ወር ነበር፤ ሰኞ ቀን። የትራክተር ኮፈን ይዤ እየሠራሁ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ግቢው ሲገባ አየሁ። ዓሊ ኑር ነው፤ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ከወዲህም ከወዲያም የሚመላለስ የመተማ ልጅ። ባጃጅ ላይ አሳስሮ ያመጣውን ቡናማ የጭነት መኪና በር ይዟል። አጠገቤ መጥቶ አፉን ያንቀሳቅሳል። አልሰማሁትም። እጄን ወደ ውጭ አወናጨፍኩ።

አልሄደም። ጎንበስ ብሎ ወደ ቆቤ ተጠጋና እንደገና ተናገረ። አሸዋው ፊቱን ሊመታው ሆነ። ተናደድኩ፤ ከመጀመሪያውም አስበልጬ አወናጨፍኩ። ቀና ብሎ ትንሽ አየኝ። ከዚያ በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወደ ባጃጁ ተመልሶ ሄደ። የመኪና በር አምጥቶ ሌላ ምን ሊለኝ ይችላል? ያው «ቶሎ አድርስልኝ» ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ማክሰኞም ከትራክተሩ ኮፈን ጋር አለቀ። በሩን ያነሳሁት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው።

ውጭውን ጨረስኩ። ቡናማው ረገፈ፤ ከሥሩ ቀይ መጣ። ቀዩም ረገፈ። የሚረጭ በር እሱ ብቻ ስለነበር ላስቲኬን ሳልለጥፍ ገለበጥኩትና በውስጡ ጀመርኩ። ከማጠፊያው በታች ስደርስ ቡናማው ሄደ፣ ቀዩ ሄደ፣ ከዚያ አንዲት መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ቀለም አልለቅም ብላ ቀረች። አራት ማዕዘን ናት። አንዱ ጥግ ተገምጧል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። የራሴ ሥራ ዞሮ መጣብኝ ብዬ ነው። በዚህ አገር የእኔ ምልክት ያለበት በር ስንት አለ! ሰማያዊም ቢሆን ሞልቷል። አሸዋ የሚረጨውን የጎማ ቱቦ አፈሙዝ ወደ ታች ሳወርደው ግን በጭቃና በቀለም ተደፍነው የነበሩ ቀዳዳዎች ብልጭ አሉ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ከመስመር ወጥቷል።

አፈሙዙን ለቀቅኩት። ጎማው መሬት ላይ እየተገላበጠ አሸዋውን ግቢው ሙሉ ሲረጨው ዝም ብዬ አያለሁ። እንደምንም ደርሼ ኮምፕረሰሩን አጠፋሁት። ቆቤን አውልቄ በሩን በእጄ ዳበስኩት። የታችኛው ጠርዝ ተጣሟል፤ ብረቱ እሳት ያየ ብረት መልክ አለው። በሥራዬ የተቃጠለ መኪና ብረት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አልሳሳትም።

ሞቷል አልኩ። አንዷለም መኪናው ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል፤ በሩን ደግሞ ሰው ነቅሎ ሸጦታል። ያን ቀን እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጬ «ሳልጠራህ እንዳትደርስ» ያልኩትን ድምፄን ሰማሁት። ሌላ ምንም አልሰማም ነበር።

ወደ ዓሊ ኑር ሱቅ ሮጥኩ። ፊቴ ላይ አቧራው እንዳለ፣ ቆቤን በእጄ እንደያዝኩ ነው። ሱቁ ክፍት ነው፤ እሱ የለም። ጎረቤቱ «መስጊድ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለኝ። መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሄጄ መስጊዱ ደጅ ቆምኩ። ብዙ ጫማ ተደርድሯል። የትኛው የእሱ ይሆን እያልኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። ያ ሶላት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። በመጨረሻ ወጣ። ሲያየኝ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«ዓሊ ኑር፣ በሩን ከየት አመጣኸው?»

«እንዴ! ያዙል፣ አንተ ሰው፣ ምን ማለትህ ነው? ከወንድምህ ነዋ።»

«ከሬሳው ነው?»

«ምን ሬሳ? ወላሂ ይኼ ሰው አብዷል! ነገርኩህ እኮ!»

«መቼ ነገርከኝ?»

«ሰኞ ዕለት! እላይህ ላይ ቆሜ!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ከመስጊድ የወጣው ሰው ዞሮ አየን። «አንዷለም ገላባት ነው ያለው፣ መኪናው ተቃጥሎበታል፣ እግሩም ተጎድቷል አልኩህ። ከመኪናው የተረፈችው ይህች በር ናት፤ ለእኔ ሰጠኝ፣ ለመኪናዬ ልኳ ነው። 'ግን ወስደህ ለወንድሜ ስጠው፤ አሸዋ ይርጫት፤ ራሱ ያውቃታል። ልምጣ ወይ ብሏል በለው፤ መልሱን ይዘህልኝ ና' አለኝ። ነገርኩህ። እጅህን እንዲህ አደረግህብኝ።» የእኔን እጅ አሳየኝ፤ ወደ ውጭ አወናጨፈው።

ከራሴ ውጭ ሆኜ የራሴን እጅ ያየሁት ያኔ ነው። ለካ አስቀያሚ ነው።

«አልሰማሁህም» አልኩት። «ኮምፕረሰሩ ...»

«አልሰማ ይሆናል ብዬ እኮ ጠጋ ብዬ ደገምኩልህ። 'ይምጣ ወይ?' አልኩህ። ጭራሽ ባሰብህ። የወንድማማች ነገር ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።»

«ለእሱስ ምን አልከው?»

ዓሊ ኑር ጎንበስ አለ። ጫማውን አጠለቀ። «ያየሁትን ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰኞ ማታ ሄጄ ነገርኩት። መዓሊሽ፣ ይቅር በለኝ፣ ይበልጣል። እኔ ከየት ልወቅ?»

ገላባት የት እንዳለ ጠየቅሁት። አንዲት ሻይ የምታፈላ የጎንደር ሴት አለች፣ እትዬ ብርቄ የምትባል፤ ራኩባዋ ሥር ነው ያለው አለኝ። ራኩባ በሣር የተሠራ ዳስ ነው።

ከመስጊዱ እስከ ድልድዩ ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ባጃጁም፣ የቆመው የጭነት መኪና ሁሉ፣ ሻንጣ የሚጎትተውም ሰው የተሰለፈው እኔን ለማገድ መሰለኝ። ስሄድ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። «ይቅር በለኝ» ልበል ወይስ «ና ቤት እንሂድ»? አንዷለምን አውቀዋለሁ፤ «ይቅርታ» ብለው ያፍራል። «ና» ይበቃዋል ብዬ ወሰንኩ። አንድ ቃል ናት። ሁለት ዓመት ተኩል አፌ ውስጥ የነበረች ቃል።

ድልድዩን ተሻግሬ ሁለት ሰው ጠየቅሁና የእትዬ ብርቄን ራኩባ አገኘሁት። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ የሱዳን ቶብ ለብሰዋል፤ አማርኛቸው ግን ከጎንደር ትናንት የመጡ ይመስላል። ከራኩባው ጥግ ባዶ የገመድ አልጋ አለ።

«እትዬ ብርቄ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልስጥህ?»

«አንዷለም የሚባል ሾፌር ... ወንድሙ ነኝ።»

እጃቸው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጡ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ አቧራዬን፣ በእጄ የያዝኩትን ቆብ።

«አሸዋ የምትረጨው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ውይ የኔ ልጅ» አሉ። «ምነው ቀደም ብትል?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ቆመው ነገሩኝ።

«ያ በሩን የወሰደው ሰውዬ ሰኞ ማታ መጥቶ ነገረው። 'በእጁ ሂድ አለኝ' አለው። ወንድምህ 'ቃል አልተናገረም?' አለ። 'አልተናገረም።' 'ሁለት ጊዜ ጠይቀኸው?' 'ሁለት ጊዜ።' ወንድምህ እዚህ አልጋ ላይ ጋደም አለ። እኔ ተቆጣሁት፤ 'ድልድዩ ይኸው፣ ተሻግረህ ራስህ አትሄድም ወይ?' አልኩት። 'ሳልጠራህ እንዳትመጣ ብሎኛል፣ እትዬ ብርቄ። እሺ ብዬዋለሁ' አለኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድልድዩን ሲያይ ዋለ። ምናልባት ልቡ ይራራ ይሆናል ብሎ ነዋ። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል የጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ ተሳፈረ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ።»

«ስልክ የለውም?»

«የለውም። ተቃጥሎበታል።»

አንገቴን ደፋሁ። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። እናቴን ስቀብር ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት።

«ምን ብሎ ሄደ?»

«ስለራሱ ምንም። ብቻ ያ ሰውዬ 'ከስቷል፣ ያስለዋል' ብሎት ነበር መሰለኝ፣ መኪናው ላይ ሲወጣ ... 'ድንገት ከመጣ፣ አፉንና አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን በይልኝ፤ ያ አሸዋ ሳንባ ይበላል' አለኝ።»

ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ እስከ ማታ ድረስ አልተገኘም። ከወዲያ የሚመጡትን ሾፌሮች ሁሉ እያስቆምኩ ጠየቅሁ፤ ረጅም፣ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ሐበሻ አይታችኋል? አንዱ አይቻለሁ አለ፣ ሌላው አላየሁም አለ፣ አንዱ ደግሞ በየትኛው ጦርነት እንደተጎዳ ጠየቀኝ። ድልድዩ ሊዘጋ ሲል ብቻዬን ተመለስኩ። በሳምንቱ ገዳሪፍ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ከተማ ሆኗል፤ አላገኘሁትም።

ይኸው ነው ገጠመኙ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሰው «ምን ተለወጠብህ?» ቢለኝ ይህን እላለሁ። የኮምፕረሰሩን ማጥፊያ ከቆምኩበት እንድደርስበት አድርጌ አስቀይሬዋለሁ። ሰው በግቢዬ በር ሲገባ አጠፋዋለሁ፤ ቆቤን አወልቃለሁ፤ «እንደምን ዋልክ፤ ምን አልከኝ?» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ «ቶሎ አድርስልኝ» ነው የሚሉኝ። አንዳንዱ ለምን እንደማጠፋው ስለማያውቅ ነዳጅ ቆጣቢ ነው ይለኛል። ይበለኝ። አፍና አፍንጫዬንም እሸፍናለሁ፤ በሦስት እጥፍ ጨርቅ።

እናንተም ጆሮአችሁን የሚደፍን ነገር አይጠፋችሁም። የእኔው ኮምፕረሰር በመሆኑ ቢያንስ ማጥፊያ አለው። ቂም ግን ማጥፊያውን ማግኘት ያስቸግራል፤ እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ አስነስቼ ነበር የምውለው። አጠገባችሁ ቆሞ አፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካለ፣ ስለ በር ነው የሚያወራው ብላችሁ አትገምቱ። ጠይቁት።

ለዓሊ ኑር ሌላ በር ፈልጌ ሰጠሁት። የአንዷለም በር ግቢዬ መግቢያ ላይ፣ ከድልድዩ ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። ቀለም አላስቀባሁትም። ራቁት ብረት በዚህ አገር ክረምት ሳምንት ሳይሞላው ይዝጋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ዘይት እቀባዋለሁ። ሰማያዊዋ ምልክት ከነተገመጠ ጥግዋ፣ ሦስቱ ቀዳዳዎችም እንዳሉ ናቸው። እንግዳ ሰው ሲያየው «ይህ የማን ነው? መቼ ነው የሚያልቀው?» ይለኛል። ባለቤቱ ሲመጣ እላለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ በገላባት ወይም በገዳሪፍ የምታልፉ ካላችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ። ረጅም ነው፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም። ስሙ አንዷለም ነው። ካገኛችሁት፣ ወንድምህ ያን ቀን እጁን ያወናጨፈው አሸዋው የሰው ዓይን እንዳያጠፋ ብሎ ነው በሉት። አልሰማም ነበር በሉት። ለጥያቄህ መልስ ልኮልሃል፣ «ና» ብሏል በሉልኝ።